ባለአፉ ማፈኛ

በዚያ ዓመት የድሬዳዋ በሮች ሚያዝያ ሳያልቅ ተዘጉ። ድሮ የሚዘጉት ሰኔ ላይ ነበር፤ ቆይቶ ግንቦት ሆነ፤ አሁን ደግሞ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ሠራተኞች መጥተው የየብሎኩን የውጭ በር በጎማ አሽገው ሄዱ። ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ከብሎክ ወደ ብሎክ መሻገር የለም። ቀዝቃዛው አየር ከመሬት በታች በተዘረጋው ትልቅ ቱቦ ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ በየግድግዳው ውስጥ ይከፋፈላል፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ባለችው የቆርቆሮ ወንፊት ገብቶ ሰው ይተነፍሰዋል።

ማህደር የብሎክ ሰባት የማፈኛ ሠራተኛ ነበረች። አየሩን የሚገፉት ማራገቢያዎች ሲያጓሩ ስለሚውሉና ስለሚያድሩ፣ ጩኸቱ ቤት እንዳይገባ በየመስመሩ ማፈኛ ይገጠማል። ማፈኛ ማለት ረዘም ያለ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ በድንጋይ ሱፍ የተሞሉ፣ ፊታቸው የተበሳሳ ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ይቆማሉ። አየሩ በመካከላቸው ሾልኮ ያልፋል፤ ድምፁ ሱፉ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ሱፉ ከረጠበ ይሻግታል። ቀዳዳዎቹ በአቧራ ከተደፈኑ ድምፅ መዋጥ ያቆማሉ። አንዲት ብሎን ከላላች ብሎኩ ሁሉ ፉጨት ሲሰማ ያድራል።

ማህደር ግን ብሎኗ ሳትላላ ነው የምትደነግጠው። ክፉ ነገርን ከበር ወጥታ የምትቀበል ሴት ነበረች። ስልክ ሲጠራ ከስልኩ በፊት ነጠላዋን ትፈልጋለች። አንድያ ልጇ ኤፍራታ ማርገዟን ስትነግራት፣ ጎረቤት እልል ሲል፣ እርሷ «ደም ግፊትሽን ተለክተሻል?» ነበር ያለችው። ለዚህም ምክንያት አላት። የኤፍራታ አባት የሞተ ጊዜ አንድ ቸኩሎ የመጣ ሰው መርዶውን ለልጅቱ በር ላይ አፈረጠላት፤ ያኔ አሥር ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲያ ዓመት ሙሉ ቃል ከአፏ አልወጣም። እህል በግድ ነበር የምትቀምሰው። ማህደር ያንን ዓመት ዳግመኛ ላለማየት ነው የኖረችው ማለት ይቻላል።

ኤፍራታ ብሎክ ዘጠኝ ውስጥ ትኖራለች። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው። በሮቹ ሲታሸጉ ስምንተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

ስልክ ነበር፤ ግን በስልክ የሚመጣን ድምፅ ያን ጊዜ ማንም አያምንም። የማንንም ሰው ድምፅ ማንም መሥራት ከቻለ ብዙ ዓመት ሆኖታል። የልጅ ድምፅ ይደውልና ያለቅሳል፤ የባል ድምፅ ይደውልና ይማጠናል፤ ሰው ሰምቶ ይዘጋል። የሚታመነው በቱቦ የሚመጣው ድምፅ ብቻ ነበር። «ቱቦ አይዋሽም» ይላሉ የብሎክ ሰዎች። ስለዚህ ማህደር ወደ ዘጠኝ በሚሄደው ማፈኛ ውስጥ ካሉት ሰሌዳዎች አንዱን አውጥታ ሱፉን አራግፋ ባዶውን መልሳዋለች። በራሷና በልጇ ቤት መስመር ላይም እንደዚያው አድርጋለች። ከደንብ ውጭ መሆኑን ታውቃለች። የሥራ ባልደረባዋ ፉአድም ያውቃል፤ አልተናገረም። ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅና ማራገቢያው ፍጥነቱን ሲቀንስ፣ እናትና ልጅ በየወንፊታቸው ሥር ቆመው ያወራሉ።

በሮቹ በታሸጉ ዕለት፣ ሌላዋ የሥራ ባልደረባዋ ቤዛ እየሮጠች መጣች። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ በብሎክ ዘጠኝ በኩል አድርጋ ለመጨረሻው ባቡር መድረስ አለባት። የሙቀት መከላከያ ልብሷ ዚፑ ተበጥሷል።

«ማህዲ፣ የአንቺን አበድሪኝ፤ ክረምት ስመለስ አመጣልሻለሁ።»

«ፀሐዩን አይተሽዋል? ዛሬ ባትሄጂስ? ባቡሩ ቢያመልጥሽ የት ልትገቢ ነው? ውሃ ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። አንቺ ደግሞ ሳልሄድ ትቀብሪኛለሽ!» ቤዛ ልብሱን አጠለቀችው። ደረቱ ላይ በቀይ ክር «ማህደር» ተብሎ ተጠልፏል። ጽሑፉን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ ሳቀች። «በይ እንግዲህ፣ ዛሬ አንቺን ሆኜ ልሂድልሽ።»

ሄደች። በሩም ተዘጋ።

በማግሥቱ የብሎክ ሰባት ዕድር ሊቀመንበር ጋሽ ናሆም ወደ ማሽን ክፍሉ ብቅ አሉ። በእርጅናቸውም ቀልድ አይተዉም።

«ማህደር፣ ነፍስሽን ይማረውና፣ ምሳ በላሽ?»

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ከዘጠኝ ተደውሎ ሞተሻል አሉን። ሴትዮዋ ስቅስቅ ብላ ነው የምታለቅሰው፤ ጎበዝ ናት። እኔም እዚህ ሱፍ ስትጠቀጥቅ አይቻታለሁ ብዬ ዘጋሁባት።»

ፉአድ ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ሳቀ። ማህደር አማተበች። «ጋሼ፣ በዚህ አይቀለድም።»

«አይ አንቺ! ባለፈው ወር እኔ ሁለቴ ሞቻለሁ። ማን አለቀሰልኝ?»

የዚያን ዕለት ማታ ከዘጠኝ ድምፅ አልመጣም። በማግሥቱ ግን የኤፍራታ ድምፅ እንደወትሮው ተሰማ፤ ማህደርም ማራገቢያው ይሆናል ብላ ተወችው።

ብዙ ሳይቆይ ጋሽ ናሆም ሳይቀልዱ መጡ። እትዬ ሶልያና የሚባሉ አሮጊት አሉ፤ ልባቸው ደካማ ነው። ብሎክ ሦስት የሚኖረው ልጃቸው ኢዮሲያስ ሞቶ፣ በሮቹ ሊታሸጉ ሰዓታት ሲቀሩ አንድ ሰው በአካል መጥቶ ለዕድሩ ነግሯል። ታዲያ ሐረር ያለችው እህታቸው ሳትመጣ መርዶ አይነገርም። እስከዚያ ደግሞ አሮጊቷ፣ ማህደር በከፈተችላቸው መስመር፣ ማታ ማታ ወንፊቱ ሥር ተቀምጠው ልጃቸውን ይጠብቃሉ።

«ባለአፍ ግጠሚላቸው» አሉ ጋሽ ናሆም።

ባለአፍ አዲሱ የማፈኛ ዓይነት ነው። ሱፍ የለውም። በአንድ ጎኑ ጆሮ፣ በሌላው ጎኑ አፍ አለው። ከአንድ ወገን የሚመጣውን ድምፅ ይሰማና ተቃራኒውን ይተፋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ከሌላው ወገን የሚመጣውን ግን ሳይነካ ያሳልፋል። የተሠራው የማራገቢያን ጩኸት እንዲያጠፋ ነው፤ ግን አፍ ያለው ነገር የማይናገረው የለም። የሰው ድምፅ ከሰጡት በዚያ ሰው ድምፅ ያወራል፤ ለሚሰማውም እንደየነገሩ ይመልሳል።

ማህደር አልወደደችውም። ግን የኤፍራታ የአሥር ዓመት ፊት መጣባትና ገጠመችው። ጠርዙን በጎማ አሸገች፣ ብሎኖቹን በየተራ አጠበቀች፣ የመፈተሻውን በር ዘጋች። በየሳምንቱም እየሄደች የአፉን ስስ ገለፈት በለስላሳ ብሩሽ ከአቧራ ታጸዳለች። አንድ ቀን ስታጸዳ የእትዬ ሶልያና ሳል ከታች ተሰማና ገለፈቱ በጣቷ ሥር እንደ ጉሮሮ ተንቀጠቀጠ። «እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?» አለ፣ በሟቹ ድምፅ። እጇን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበች።

ስትወርድ አሮጊቷ ወንፊቱን እያዩ ነበር። «ልጄ ጨዋ ሆኗል» አሉ። «ድሮ ይነታረከኝ ነበር። አሁን ያልኩትን ሁሉ እሺ ይለኛል።»

ማህደር ዓይናቸውን እያየች «እድሜ ነው እትዬ፣ ሰው ይበስላል» አለች።

ኤፍራታ በሰላም ተገላገለች። ማህደር የሕፃኗን ልቅሶ በወንፊቱ ሰማች። በርጩማዋ ላይ ቆማ፣ ፊቷን ከወንፊቱ አስጠግታ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ!» ብላ ጮኸች።

«አይ እማ፣ ዛሬ እንኳን ያን ያህል አልሞቀኝም» አለች ኤፍራታ።

ደክሟት ነው አለች ማህደር። በሚቀጥለው ማታ «ወተትሽ መጣ?» ብላ ጠየቀች። «እሺ፣ በሩ አጠገብ አልቆምም» የሚል መልስ መጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ማህደር ምንም የሚያስቅ ሳትናገር ኤፍራታ ሳቀች። ከልቧ፣ ረዘም አድርጋ ነው የሳቀችው።

የዚያን ማታ ማህደር እራት አልበላችም። የምታውቀውን ታውቃለች። ላልተጠየቀው የሚመልስ፣ ባልተነገረው የሚስቅ ምን እንደሆነ ራሷ ገጥማው ታጸዳዋለች። ልጄ በወሊድ ሞታለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት።

ከዚያ ወዲያ ያየችው ሁሉ ምስክር ሆነባት። የጋራ ማድ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ጋሽ ናሆም መቀለድ ትተው «በርቺ» ይሏታል። ፉአድ ሳትጠይቀው መሰላሏን ተሸከመ፤ ፉአድ በዕድሜው የሰው መሰላል ተሸክሞ አያውቅም። እንኳን ሊሸከም፣ ስትሸከም አይቶም አያውቅም።

ኮሪደሩ መሐል ላይ ቆመች። «ፉአድ፣ ልጄ ሞታለች?»

«ምን?»

«መሰላሉን ለምን ተሸከምክልኝ?»

«ጉልበቴን አሞኝ ልደገፍበት ነዋ! የራሴን ትናንት ሰበርኩት።» አያት። «አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም?»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ! የማውቀው ነገር የለም። ሴቶቹም ዝም የሚሉት አንቺ በገባሽ ቁጥር የጋዙ ጎማ ያፈሳል ስለምትዪ ነው።»

ግን መሐላ ምን ይሠራል? መርዶ የሚደብቅ ሰው ይምላል። እርሷስ እትዬ ሶልያናን ዓይን ዓይናቸውን እያየች አልዋሸችም? የሰባትን ማፈኛ ከፍታ እስከ ጥግ ፈተሸች፤ ባለአፍ የለበትም። በዘጠኝ በኩል ይሆናል ማለት ነው፤ እዚያ ደግሞ እጇ አይደርስም። የሕፃኗ የሰማንያ ቀን ክርስትና እስኪደርስ እንዲሁ ሰነበተች። ማታ ማታ በርጩማዋ ላይ ትወጣለች፣ ጥቂት ታወራለች፣ ትወርዳለች።

የክርስትናው ዕለት፣ የጸሎቱ ዜማ በቱቦው ውስጥ ራቅ ብሎ ሲሰማ ዋለ። ማህደር አላመነችውም። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወደ እትዬ ሶልያና ቤት ብሩሿን ይዛ ሄደች።

«መሰላሉን ተዪውና ቁጭ በይ» አሉ አሮጊቷ። «ኢዮሲያስ የሞተው በሮቹ ከመታሸጋቸው በፊት ነው ከታሸጉ በኋላ?»

ብሩሹ ከእጇ ወደቀ። «እትዬ...»

«ልጄ ቁጭ ብሎ አውርቶ አያውቅም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲያወራ ይንጎራደዳል። ድምፁ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ በር ጋ ደርሶ ይመለሳል። ይሄ የሰቀላችሁልኝ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እናንተስ ለምን ዝም አላችሁ? እህቴን እየጠበቃችሁ አይደል? እኔም እሷን እየጠበቅሁ ነው።» ነጠላቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። «ለልጄ ብቻዬን ማልቀስ አልፈልግም። የሚያዝልኝ ሰው ይኑር።»

ማህደር ጉልበታቸውን ሳመች። «ልንቀለው?»

«ንቀዪው። ሱፍም አትመልሺበት። ባዶውን ይሁን።»

ነቀለችው። ቱቦው ባዶውን ቀረ፤ የማራገቢያው ጉርምርምታ እንደ ሩቅ ወንዝ ወደ ቤቱ ገባ። አሮጊቷ «ይሻላል» አሉ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ማህደር ወደ ቤቷ ሮጠች። በርጩማው ላይ ወጥታ ጆሮዋን ወንፊቱ ላይ ለጠፈች። የኤፍራታ ድምፅ መጣ። ሕፃኗ ታለቅሳለች፤ ኤፍራታ እሹሩሩ ትላለች። ድምፁ ሸሸ፤ መልሶ ቀረበ፤ ወደ አንድ ጥግ ሄዶ ዕቃ አነሣ፤ ተመለሰ። ይራመዳል። ሕፃን አቅፎ ይራመዳል።

ልጇ በሕይወት አለች። ማህደር ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ ኤፍራታ «እሺ እማ» አለች።

ማህደር ምንም አላለችም ነበር።

«አዎ፣ ሁለቴ ጠጣሁ» አለች ኤፍራታ። «አይ፣ ገና አልተኛችም። አንቺስ ምን በላሽ?»

ኤፍራታ መልስ እንደሚሰማ ሰው ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ!»

ማህደር ጆሮዋን እስኪያማት ቆርቆሮው ላይ ተጫነችው። ከኤፍራታ ድምፅ ሥር፣ በጣም በስሱ፣ ሌላ የሴት ድምፅ ነበር። «ውሃ ጠጪ ልጄ። በሩ አጠገብ አትቁሚ። ሁሉም ደህና ይሆናል።»

የራሷ ድምፅ ነው። ግን አይፈራም። እንዲህ ተረጋግታ ለልጇ ተናግራ አታውቅም፤ ልጇም እንዲህ ዘና ብላ መልሳላት አታውቅም።

ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት፤ ቤዛ፣ ቀዩ ክር፣ ስቅስቅ ብላ የደወለችው ሴት። በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ክፉ ነገር ሲያስቡ ኖሮ ይህን አለማሰብ! የሞት ዓይነት ሁሉ ስትቆጥር የኖረች ሴት የራሷን ረስታዋለች።

ወደ ብሎክ ዘጠኝ ደወለች። የዕድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሀሴት አነሡ።

«እኔ ማህደር ነኝ፤ የኤፍራታ እናት።»

«እናንተ ሰዎች፣ ፈጣሪ የላችሁም?»

«አልሞትኩም! ልብሴን ቤዛ ለምትባል...»

«በራችን ላይ ወድቃ ያገኘናት እኛ ነን። ፀሐዩ ፊቷን የሰው ፊት አላስቀረውም። ስሟ ደረቷ ላይ ተጠልፎ፣ በእጃችን ቀብረናታል። መርዶውን ከልጅቱ፣ ከወሊድ እስከ ክርስትና፣ በስንት መከራ ደብቀነዋል። ነገ ማለዳ መርዶዋን እንነግራትና መስመሩን በሱፍ እንደፍነዋለን፤ እናንተም በሟች ድምፅ የምትነግዱበት ቀዳዳ ይዘጋል። አሁን በቃ።» ተዘጋ።

ክረምቱ ቢገባም ዝናቡ ገና ነው። በሮቹ እስኪከፈቱ ድረስ ኤፍራታ እናቷን ቀብራ ትቀመጣለች፤ ቃል ከአፏ አይወጣም፤ ወተቷ ይነጥፋል፤ ሕፃኗስ? ማህደር ሐሳቧን ሳትጨርስ ፉአድን ፍለጋ ወጣች።

ፉአድ ሁሉንም ሰምቶ ጢሙን አሻሸ። «እና አንቺ ሞተሻል?»

«ዘጠኝ ውስጥ ሞቻለሁ።»

«ካቻቪቴዬን ሳትመልሺ?» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ስለ ቤዛ ሲያስብ ግን አልሆነለትም። «ምስኪን። እኔ ደግሞ ደርሻለሁ ብላ አልደወለችም ብዬ ስሰድባት።» ዓይኑን ጠረገ። «ማለዳ ማራገቢያው ይበርዳል። ዝቅተኛው ላይ እይዝልሻለሁ። ግን ማጥፋት አልችልም፤ ሰው ይታፈናል። ነፋሱ ከኋላሽ ነው፤ ስትመለሺ ግን ፊትሽን ይመታሻል።»

«የምመለስ ይመስልሃል?»

«አሁንም ጀመረሽ!»

ሊነጋጋ ሲል የሰባትን ማፈኛ ከፈቱ። ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ እየሳቡ አውጥተው ግድግዳው ላይ አስደገፏቸው። ሱፉ ውስጥ የከረመው አቧራ ሸተታቸው። ማህደር መብራት ግንባሯ ላይ አስራ፣ ካቻቪቴውን በጥርሷ ይዛ፣ በደረቷ ገባች።

ቱቦው ከመንገዱ ሥር ይሄዳል። ከላይ ሰው የማይረግጠው አስፋልት አለ። ቆርቆሮው በክርኗ ሥር ይንቋቋል፤ ነፋሱ ከእግሯ በኩል እየገፋ ቀሚሷን ይወጥረዋል። መገጣጠሚያውን በደረሰች ቁጥር «ይሄ አልጠበቀም፣ ይሄ ይወድቃል» ትላለች፤ አልወደቀም። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ የምትለው ጠፋባት። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ጉሮሮዋ ይርገበገባል፤ ድምፁ ግን ከከንፈሯ ሳያልፍ ይሞታል። ወደ ኤፍራታ ቤት በሚወስደው ቅርንጫፍ ወደ ፊት ገፋች። የመብራቷ ጨረር ቱቦውን የዘጋ የቆርቆሮ ፊት ላይ አረፈ። ባለአፉ ነበር።

በዚያች ደቂቃ የማለዳ ሰላምታውን ጀመረ። «ኤፊ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ?» አለ በእርሷ ድምፅ፣ ወደዚያ ዞሮ።

ማህደር በካቻቪቴው ብሎኖቹን ትፈታ ጀመር። ጣቷ በላብ ይንሸራተታል። ሳጥኑ በመዳፏ ሥር እየተንቀጠቀጠ ይናገራል፤ የራሷን ጉሮሮ ያነቀች መሰላት። «አይዞሽ። ምንም አትሁኚ። ሁሉም ደህና...» የመጨረሻው ብሎን ወለቀ፤ ሳጥኑን በጎኑ ጣለችው፤ ሽቦውን በጠሰችው። ዝም አለ።

በቦታው የሌላ ሰው ድምፅ መጣ። ወይዘሮ ሀሴት ነበሩ፤ ከወንፊቱ ማዶ፣ ቀስ ብለው ይናገራሉ። «...ስትሰሚው የከረምሽው ማሽን ነው ልጄ። አንቺን ለማትረፍ ነው። እናትሽ በሮቹ በታሸጉ ዕለት አርፋለች።»

የኤፍራታ ድምፅ አልመጣም። ያ ነበር የሚያስፈራው። ሴቶች በአንድ ጊዜ «ወየው!» ሲሉ ተሰማ፤ የልጇ ግን የለበትም። የአሥር ዓመቷ ዝምታ ነው፤ ማህደር ታውቀዋለች።

«አለሁ!» ብላ ጮኸች። «ኤፊ! አለሁ!»

ለቅሶው ቀጥ አለ።

«አጥፉት አላልኩም?» አሉ ወይዘሮ ሀሴት።

«አጥፍቼዋለሁ እኮ» አለ አንድ ወንድ። «ማብሪያው ይኸው እጄ ላይ ነው።»

«ያን ነገር አንድ በሉት በማርያም!» አሉ ወይዘሮ ሀሴት።

ከዚያ በጣም የደከመ፣ ከጉሮሮ በግድ የወጣ ድምፅ ተሰማ። የኤፍራታ ነበር። «ተዉት። ትንሽ ይናገር።»

ማህደር ልትምልላት፣ ልታስረዳት አሰበች። ማሽንም ይምላል። የእትዬ ሶልያና ቃል ትዝ አላት፤ ይሄ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ተሳበች። እየተሳበች አወራች፤ ያገኘችውን አወራች፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ክርኗ፣ ስለ ፉአድ ጉልበት።

«እየ... እየቀረበ ነው» አለች አንዲት ሴት ከማዶ። ወንበር ወደቀ። እግር ወደ በሩ ሮጠ።

በወንፊቱ ቀዳዳዎች በኩል ብርሃን ታየ። ነፋሱ ከኋላዋ የቱቦውን አቧራ እየጠረገ ወደ ቤቱ ሲያስገባው አየች። ሁሉንም ረሳች። «ልጅቱን ከወንፊቱ አርቂያት!» ብላ አምባረቀች። «አቧራው ሳንባዋ ውስጥ ሊገባ ነው! ምን ሸፈንሽባት? ፊቷን አትሸፍኚያት፣ ትታፈናለች! ጆሮዋን ብቻ!»

አንድ ጥንድ ባዶ እግር ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ መጣ።

«እማ፣ ፈርተሻል እንዴ?»

«መቼ ሳልፈራ ቀርቼ አውቃለሁ!»

በወንፊቱ ቀዳዳ አንዲት ጣት ገባች። ማህደር ያዘቻት። ትሞቃለች። ከማዶ ኤፍራታ ማልቀስ ጀመረች፤ በድምፅ፣ ጮክ ብላ፣ እንደ ሕፃን። ማህደር እንደዚያ ያለ ልቅሶ ሰምታ ደስ ብሏት አያውቅም።

ከበሩ የሸሹት አንድ በአንድ ተመለሱ። ወይዘሮ ሀሴት ወንፊቱ ፊት ተንበርክከው የማህደርን ዓይን አዩ፤ «ታዲያ የቀበርናት ማንን ነው?» አሉ።

«ቤዛን። ቤዛ ትባላለች። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፤ እናቷ እስካሁን እኛ ጋር ያለች ይመስላታል።» ማህደር ጣቷን ሳትለቅ ግንባሯን ቆርቆሮው ላይ ደገፈች። «የዘቀዘቃችሁትን ነጠላ አትመልሱ። ለቅሶው የሷ ነው፤ አልቅሱላት።»

አለቀሱላት። አንዲት ሙሾ አውጪ ስሟን ጠራች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። በመስመሩ ላይ የሚውጠው ሱፍ አልነበረም። ለቅሶው በማህደር ጎን አልፎ፣ ነፋሱን እየተቃወመ፣ በመንገዱ ሥር ወደ ሰባት ሄደ። ማህደር ፊቷን ወደ ጨለማው መልሳ ሲሄድ ሰማችው።

ቆየት ብሎ ከወዲያኛው ጫፍ፣ ባዶ ከተተወ ወንፊት፣ የአንዲት አሮጊት ድምፅ መለሰ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ፣ «ኢዮሲያስ! ልጄ!» እያለ ከለቅሶው ጋር ገጠመ።